ሳቄን ይዤ ናይሮቢ

ወሩን በትክክል አላስታውሰውም። ሰኔ ማለቂያ ይሁን ሐምሌ መግቢያ፣ ብቻ እኛ አገር ናዝሬት ዝናቡ ጀምሯል፤ ናይሮቢ ስደርስ ደግሞ ብርድና ደመና ብቻ ነበር፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ልጄ ሰብለ "አባባ፣ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም አለልህ፣ አውጥተህ እየው" ትለኛለች። ፓስፖርቱ ሳጥን ውስጥ ነው። የሳጥኑን ቁልፍ ደግሞ ደህና ቦታ አስቀምጬዋለሁ፤ ደህና ቦታ ያስቀመጥኩት ነገር ተገኝቶ አያውቅም። ስለዚህ ቀኑን ተዉትና ነገሩን ልንገራችሁ።

የሄድኩት አገር ለማየት አይደለም። ሳቅ ታምሜ ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ጠዋት ሻይ ስጠጣ ብርጭቆው ከግራ እጄ ወደቀ። አፌም ወደ አንድ ጎን ሄደ። ምች ነው ብዬ ዳማከሴ አሽቼ ተኛሁ፤ ወደ ማታ ተሻለኝና ረሳሁት። ከዚያ ወዲህ ግን ሳቅ ሳልጠራው ይመጣብኝ ጀመር። የሚያስቅ ነገር አይፈልግም። አንዱ ሲቆጣ፣ አንዱ ሲያዝን፣ ስብሰባ ላይ "ጸጥታ" ሲባል፣ ያን ጊዜ ይመጣል። ሆዴ ውስጥ ደስታ የሚባል የለም፤ ፊቴና ደረቴ ብቻ ይስቃሉ።

የጓደኛዬ የበየነ ሚስት ስታርፍ ቀብሯ ላይ ሳቅኩ። ፈገግታ እንዳይመስላችሁ። አፈሩ ሲመለስ፣ ሰው ሁሉ ጭጭ ባለበት፣ ሆዴን ይዤ እስክጎብጥ ሳቅኩ። በየነን ከአርባ ዓመት በላይ አውቀዋለሁ፤ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ እሱ ሚዛን ላይ፣ እኔ ዘበኛ ሆኜ በር ላይ፣ አብረን ነው ያረጀነው። ቀና ብሎ አየኝና "በቃ፣ እኔና አንተ እዚህ ላይ ቆመናል" አለኝ። ከዚያ በኋላ ሰላም ብለው አይመልስም፣ ብደውል አያነሳም። እድር ላይ እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። ጸበል ሁለት ሳምንት ተጠመቅኩ፤ የሚያጠምቁት አባት ራሳቸው "ጸበሉን አትተው፣ ሐኪምም ይይህ" አሉኝ። ሰብለ ናይሮቢ ሆና ይህን ስትሰማ ቲኬት ላከችልኝ። የበየነ ሚስት ሙት ዓመት እየቀረበ ነበር። እኔ ከዚያ በፊት አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ፈለግኩ፤ የተበላሸው ልቤ ነው ወይስ ጭንቅላቴ?

የመጀመሪያው ቀን። ከቦሌ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ከናዝሬት ቦሌ ለመድረስ የፈጀብኝ ከዚያ ይበልጣል፤ ቃሊቲ ላይ መኪናው ቆሞ ቀረ። አውሮፕላኑ ውስጥ አስተናጋጇ አደጋ ቢመጣ ምን እንደምናደርግ ስታስረዳ ሳቄ መጣ። አጠገቤ የነበረው ሰው ቀበቶውን አጥብቆ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ናይሮቢ ፓስፖርት የሚያየው ሰው ፊቱ የተቋጠረ ነው። "ለምን መጣህ?" አለኝ በእንግሊዝኛ። ይህቺን ሰብለ በስልክ አስጠንታኛለች፤ መልሷም "ልጄን ለማየት" ነበረች። እኔ ግን ሳቅኩ። ሰውየው አየኝ። እኔም እያየሁት ሳቅኩ። ቆይቶ የከንፈሩ ጫፍ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ጎኑ ያለችው ሳቀች፣ ቀጥሎ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ። ምን እንዳሳቀን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ማኅተሙን መታና "ካሪቡ፣ ሙዜ" አለኝ። ካሪቡ "እንኳን ደህና መጣህ"፣ ሙዜ ደግሞ ሽማግሌ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ እንዲያ ሲስቅ "ምን ነካው" ይባላል፤ እዚያ አብረው ሳቁልኝ።

ሰብለ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር ከታች ምግብ ቤት አላት፣ ከላይ ትኖራለች። መኪና ውስጥ ገና ሳንቀመጥ ጀመረችኝ።

"አባባ፣ እዚህ ለማንም እንዳትናገር።"

"ምኑን?"

"በሽታውን። እዚህ ሐበሻው ጥቂት ነው፣ ወሬው ግን አገር ቤት ካለው አያንስም።"

"ሳቁ ቢመጣስ?"

"ቀልድ ትዝ አለኝ በል።"

"የምን ቀልድ ቢሉኝስ?"

"አባባ፣ በቃ ዝም በል።"

ሁለተኛው ቀን። ጠዋት ምግብ ቤቱ ጥግ ላይ ተቀምጬ በር ስጠብቅ ዋልኩ፤ ማንም አላዘዘኝም፣ የለመደ ነገር ነው። እኩለ ቀን ላይ ለሰብለ በርበሬና ጤፍ የሚያመጣላት ነጋዴ መጣ። ኢስሊ በሚባል የገበያ ሰፈር ሱቅ አለው። ሙስሊም ነው፣ ሞያሌ ተወልዶ ያደገ፤ ለዚህ ነው መሰል ሁሉም "ሞያሌ" ነው የሚለው፣ እኔም ሞያሌ አልኩት። ሃምሳን ያለፈ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ወሬው ደግሞ ሆዱን የሚቀድም ሰው ነው። የአገሩን ምግብ መቅመስ አለባቸው ብሎ ከጎረቤት ኡጋሊ አስመጣልኝ።

"ይህማ ገንፎ ነው" አልኩት።

"ገንፎ አይደለም፣ ኡጋሊ ነው።"

"ቅቤው የት ነው?"

"ቅቤ የለውም።"

"መሃሉ ላይ ጉድጓድስ አይሠሩለትም?"

"ቅቤ ከሌለ ጉድጓዱ ውስጥ ምን ይግባ ብለው ነው?"

ዱቄት ፋብሪካ በር ላይ ሠላሳ ዓመት የቆመ ሰው ስለ ዱቄት መናገር ይችላልና እላለሁ፣ ዱቄቱ ደህና ነው፤ ብቸኝነት ነው ያጠቃው። ጎመን ሲጨምሩለት በላሁት።

እየበላሁ ሞያሌ ባለፈው ሳምንት ከአገር ቤት ሲመጣ ጭነት ሙሉ በርበሬ ዝናብ እንደበላበት ነገረኝ። ዓይኑ ዕንባ ሊያቀር ትንሽ ሲቀረው ሳቄ መጣ። ጉርሻዬ ተበተነ።

"አባቴ፣ የእርስዎ በርበሬ ቢሆን ይስቁ ነበር?" አለኝ።

ሰብለ ከኩሽና ሆና "ቀልድ ትዝ ብሎት ነው" አለች።

"የምን ቀልድ?"

ይኸው፣ ብያት ነበር። ሰውየውን እያስቀየምኩ መዋሸት አስጠላኝና እውነቱን ነገርኩት፤ ብርጭቆውን፣ ቀብሩን፣ በየነን። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ሰብለ ሐኪም ጋ የያዘችልኝ ቀጠሮ ለማግስቱ ነበር፤ እሷ ደግሞ ለዚያው ቀን የሠርግ ምግብ ታዞባታል። ሞያሌ ተነስቶ እጁን ታጠበና "ነገ እኔ እወስዳቸዋለሁ። እንግሊዝኛውም ስዋሂሊውም በእኔ ነው" አለ።

ሦስተኛው ቀን። የሞያሌ መኪና ጋራዥ ስለነበረች በማታቱ ሄድን። ማታቱ የኛው ሚኒባስ ነው፣ ተቀብቶና ዘፈን ተጭኖበት። የኛ አገር ረዳት ሰፈር ይጠራል፣ የእነሱ ጣራ ይደበድባል። መንገድ ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ስትገባ ጭንቅላቷን በሩ መታት፣ እኔም ሳቅኩ። ዞር ብላ ስታየኝ ያለሁበትን መቀመጫ ለቅቄ መሬት ብገባ ወደድኩ። ሞያሌ ወደ ጭንቅላቴ እየጠቆመ በስዋሂሊ አንድ ረጅም ነገር ተናገረ። ሲጨርስ መኪናው ሙሉ በአንድ ድምፅ "ፖሌ" አለኝ። ፖሌ የኛ "እኔን" ናት፤ ስትደናቀፍም ይሏታል፣ ሰው ሲሞትብህም ይሏታል። ጭንቅላቷን የተመታችው እሷ ሆና ሳለ ፖሌ ብላ ሙዝ ሰጠችኝ። ሰብለ ለማንም አትናገር ያለችኝን ሞያሌ ለአሥራ አራት ሰው ነገረው፣ ያተረፍኩትም ሙዝ ነው።

ሐኪሟ መሃል ከተማ ፎቅ ላይ ናት፤ ወጣት ሴት፣ ድምፅዋ ቀስ ያለ። አፍንጫህን ንካ፣ በመስመር ላይ ሂድ፣ ጉንጭህን ንፋ አለችኝ። ከዚያ እንደ ዳቦ ምድጃ ያለ ቱቦ ውስጥ አስተኝተው ጭንቅላቴን ፎቶ አነሱት። ጭንቅላቴን ከውስጥ ሳየው የተጣጠፈ አንጀት ይመስላል። መሃል ላይ ምስር የምታክል ነጭ ነጥብ አለች።

"ሲስቁ ደስ ይልዎታል?" ብላ አስጠየቀችኝ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። "አንዴም" አልኩ።

እሷ ረጅም አድርጋ አስረዳች፣ ሞያሌ አሳጥሮ ነገረኝ። "ሳቅና ለቅሶ ከጭንቅላት ታች፣ ወደ ማጅራት በኩል፣ በአንድ ግቢ ይኖራሉ። ጎረቤታሞች ናቸው። ከላይ ደግሞ ዘበኛ አለ፣ 'አሁን ውጣ፣ አሁን ቆይ' የሚል። ያ ቀን ምች አልነበረም፣ ትንሽ ስትሮክ ነው። ይህቺ ምስር የምታክለው ነጥብ ዘበኛው ትእዛዝ የሚልክበትን መንገድ በጥሳዋለች። ዘበኛው ይጮሃል፣ በሩ አይሰማውም።"

"ዘበኛ ያለችው እሷ ናት ወይስ አንተ ጨመርክ?"

"ዘበኛው የኔ ነው። እሷ ያለችው ስም ለእርስዎም ለኔም አይሆንም።"

"እንግዲህ ንገራት" አልኩት። "ሠላሳ ዓመት በር ላይ ቆሜ አንድ ሌሊት አልተኛሁም። የራሴው በር ነው ያዋረደኝ።"

ሲነግራት ሳቀች። እሷ ደስ ብሏት ነው የሳቀችው፤ ልዩነቱ ያስታውቃል። ዳማከሴውን ሲነግራት ግን አልሳቀችም። ዳግመኛ እጅ ቢዝል፣ አፍ ቢጣመም፣ በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል እንጂ ቅጠል እንዳላሽ አስጠነቀቀችኝ፤ ለእናንተም ይድረስ ብዬ ነው የምጽፈው። በየቀኑ የምትዋጥ ኪኒን አዘዘች፣ ለመሥራት ሳምንታት ትፈልጋለች አለች። እስከዚያ ሳቁ መጣሁ መጣሁ ሲል ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ማውጣት፣ ትከሻን መጣል፣ ዓይንን ሌላ ነገር ላይ ማሳረፍ።

ልወጣ ስል የመጣሁበትን ጠየቅኳት። ልቤ ነው ወይስ ጭንቅላቴ? "ጭንቅላትዎ ነው" አለች። ጭንቅላትህ ተበላሽቷል ተብሎ እንደኔ ደስ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

አራተኛው ቀን። ሻይ ስጠጣ የሐበሻው እድር ሰብሳቢ ወደ ምግብ ቤቱ መጣና ከሰብለ ጋር ትንሽ ተንሾካሾከ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ካሳራኒ የሚባል ሰፈር የሚኖር ዳዊት የሚሉት ስልክ ጠጋኝ አለ፤ እናቱ ወልዲያ አርፋለች፣ እሱ አልሰማም። ጓደኞቹ ወሬው ቀድሞ በስልክ እንዳይደርሰው እየጠበቁት ነው። ነገ ማለዳ መርዶ ሊነግሩት ይሄዳሉ።

"እዚህ ሁላችንም ጎልማሶች ነን" አለኝ። "መርዶ የሚነግር ፀጉሩ የሸበተ ሰው አጣን። እግዚአብሔር እርስዎን አመጣልን።"

ሰብለ ከኋላው ሆና እምቢ በል እያለች ራሷን ትነቀንቃለች። አመመኝ ማለት ይቻላል፣ ምን አመመህ ይመጣል። ሽማግሌ ደግሞ ለመርዶ ተጠርቶ እምቢ አይልም። "እሺ ልጄ" አልኩ። ሰብለ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

ሞያሌ ሲመጣ ነገርነው። ዳዊት ደንበኛው ነበር። "እኔም እሄዳለሁ" አለ። "እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት ጩኸት አይወደድም፤ አንገቴን ደፍቼ ዱዓ አደርጋለሁ። አጠገብዎ እቆማለሁ፣ ሲመጣብዎ እጄን ይጭመቁ።"

አምስተኛው ቀን። ጎህ ሳይቀድ በሞያሌ መኪና ካሳራኒ ደረስን። እዚያ ብርዱ የደብረ ብርሃንን ያስታውሳል፤ ጋቢዬን ተከናንቤአለሁ። የፎቁ ዘበኛ ነጠላ የለበስን አሥር ሰዎች በጭለማ ስንመጣ አይቶ ዱላውን አነሳ። ትክክል ነው፣ እኔም አነሳ ነበር። ሞያሌ ሲያስረዳው ዱላውን አውርዶ ኮፍያውን አወለቀና ፖሌ አለን። አሳንሰር የለም፣ አራተኛ ፎቅ በእግር ነው። ትንፋሼን ሐኪሟ እንዳለችው ቀስ እያደረግኩ ወጣሁ፤ ደረጃው ግን ትንፋሽ የሚያስመርጥ አይደለም።

ሰብሳቢው አንኳኳ። ዳዊት የጥርስ ብሩሽ አፉ ውስጥ እንዳለ ከፈተ። ነጠላውን አየ፣ እኔን ከፊት አየ። ብሩሹን አወጣና "ማን ነው?" አለ፣ በቀስታ።

አፌን ከፈትኩ። "ልጄ" ማለቴን አስታውሳለሁ። ከዚያ ከማጅራቴ በኩል መጣ። ትንፋሼን አወጣሁ፣ ትከሻዬን ጣልኩ፣ ዓይኔን ብሩሹ ላይ አሳረፍኩ፤ ብሩሹ ላይ ያለው አረፋ ባሰብኝ። የሞያሌን እጅ ጨመቅኩት፣ የሚሰበር መሰለኝ። የመጀመሪያው ሳቅ ሲያመልጠኝ በዚያች ቅጽበት አንድ እጅ ጋቢዬን በፊቴ ላይ አወረደው፣ ጎኔ ላይ ደግሞ ሰምቼ የማላውቀው ጩኸት ተነሳ። "ወይኔ እናቴ፣ ወይኔ እናቴ" ይላል ሞያሌ፣ ደረቱን እየደቃ። ያ አንገቴን ደፍቼ ዱዓ አደርጋለሁ ያለው ሰው። ፎቁ ተናወጠ። ታች ያሉት ኬንያውያን በር ሲከፍቱ ይሰማል። መርዶውን የተናገረው እሱ ሆነ። ዳዊት ወደቀ፣ ሰው ሁሉ አለቀሰ፣ እኔ ጋቢው ውስጥ ጎኔ እስኪሰነጠቅ ሳቅኩ። ከውጭ ለሚያይ ትከሻ ይንቀጠቀጣል፣ ያው ነው።

ስንመለስ ሞያሌ መሪውን እንደያዘ በሻከረ ድምፅ "አላህ ይቅር ይበለኝ" አለ። ቀጥሎም "ግን እንዴት ነበር?" አለኝ።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን። ሰብለ ምግብ ይዛ ወደ ለቅሶ ቤቱ ስትሄድ አብሬ ሄድኩ። ዳዊት ፂሙን አሳድጎ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነስቶ ጉልበቴን ሊስም ጎነበሰ።

"አባቴ፣ እንደ እርስዎ ያለቀሰልኝ የለም። እናቴን አያውቋት፤ ያን ያህል ለማያውቁት ሰው" አለ።

ሰብለ ክርኔን ያዘችኝ፣ ዝም በል ማለቷ ነው። ለበየነ ያልነገርኩት የያዘኝ ምን እንደሆነ ስለማላውቅ ነበር። ለዚህ ልጅ ግን እያወቅኩ ዝም ልል ነው?

"ልጄ፣ አላለቀስኩም" አልኩት። "እየሳቅኩ ነበር።" በሽታውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ ግቢውን፣ ዘበኛውን፣ የተበጠሰውን መንገድ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ሰብለ ዓይኗን ጨፈነች።

ዳዊት ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ጣለ። የበየነው ነገር የሚደገም መሰለኝ።

"ታዲያ የሞያሌስ ምን ነበር?" አለ።

"የሞያሌ እኔን ለመሸፈን ነው።"

"እኔ ደግሞ እናቱ ሞታበት መርዶ ተሳስቶ እኔ ቤት የመጣ መስሎኝ ነበር። ወለሉ ላይ ሆኜ እንኳ 'ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው' እያልኩ ነበር።" አፉ ተንቀጠቀጠ። "እናቴ ብታየው..." አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ የኔው ሳቅ መጣ። ሰውም ፊቱን በነጠላው እየሸፈነ ሳቀ። ከዚያ ዳዊት እየሳቀ ሳለ ድምፁ ተቀየረና ያለቅስ ጀመር። እንደ ልጅ፣ አፉን ከፍቶ። ሦስት ቀን ሙሉ ዕንባው ጠብ ብሎለት እንዳልነበር ጓደኞቹ በኋላ ነገሩን። ጎረቤታሞች ናቸው ብላ ነበር ሐኪሟ። እጁን ያዝኩት፣ እኔም አለቀስኩ፤ ይህኛው ከሆዴ ነበር።

የመጨረሻው ቀን። አውሮፕላኔ ከሰዓት በኋላ ነው። ምሳ ላይ ሞያሌን "አንድ ሰው ደውልልኝ" አልኩት። የኔን ቁጥር በየነ አያነሳም፤ የኬንያ ቁጥር ግን ማን እንደሆነ ለማወቅ ያነሳል፣ ጠባዩን አውቃለሁ። አነሳ። ሞያሌ ድምፁን ክፍት አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ዘበኛውንና በሩን አስረዳው፤ ሰብለም ከኩሽና ወጥታ ቆመች።

በየነ ሲያዳምጥ ቆየ። "አንድ ነገር መልስልኝ" አለ። "ሚስቴ መቃብር ላይ ስቋል ወይስ አልሳቀም?"

"አፉ ስቋል" አለ ሞያሌ። "እሱ ግን አልሳቀም።"

ስልኩ የተቋረጠ መሰለን። ሰብለ እጇን ወደ ስልኩ ስትዘረጋ በየነ "ስጠው" አለ።

"አለሁ" አልኩት።

"አንተ ሰው፣ ዓመት ሙሉ ምን ይዞህ ነው ያልነገርከኝ?"

"አላወቅኩትማ።"

"እኔስ ብጠይቅህ ምን ነበረበት" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ "ሙት ዓመቷ ከመጣህ በኋላ ነው። ትመጣለህ" አለኝ።

"ኪኒኑ ገና አልሠራም። ቢመጣብኝስ?"

"አጠገቤ ትቀመጣለህ። የሚያይ ይይ።" ተነፈሰ። "ደግሞ ያ ያስረዳኝ ሰው ማን ነው?"

"ሞያሌ ይሉታል።"

"ሞያሌማ አገር ነው። ይህን ሁሉ ያስረዳልህን ሰው ስሙን አልጠየቅከውም?"

አፈርኩ። ስንት ቀን አብሮኝ ሲዞር፣ ስለኔ ሲጮህ፣ ስሙን አልጠየቅኩትም። ዞር ብዬ ጠየቅኩት፣ ለበየነም ነገርኩት፣ እዚህም ጻፍኩት። ስሙ አብዱልቃድር ነው።